የመንኮራኩሩ ጀርባ

ውሃልክ የሚሏቸው አናጢ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ወደቀባቸው። ይህን የሚሰማ ሰው ስለ ፈተና የተወራ ይመስለዋል። ሕንፃው ነው የወደቀው፤ ከነጣራው፣ ላያቸው ላይ። ያን ጊዜ ማንም አንቱ አይላቸውም ነበርና ለጊዜው «ልጁ» እንበላቸው።

ትምህርት ቤቱ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ፊት ለፊቱ በነጭ ቀለም የተለቀለቀ፣ ሹማምንት ፎቶግራፍ የተነሡበት፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ሕንፃ ነበር። ከጀርባው ግን ተቋራጩ ሲሚንቶውን ለራሱ አስቀርቶ ግድግዳውን አሸዋ አብልቶታል። ያን ዕለት ልጁ አርፍዶ መጣ። መምህሩ ስም ሲጠራ መልስ ስላጣ ከስሙ ፊት «የለም» ብሎ ጻፈ። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጡ፣ ልጁ ጠዋት ያመለጠውን ጽሑፍ ከሰሌዳ ሊገለብጥ ማንም ሳያየው ክፍል ገባ። ጣራው የወረደው ያኔ ነው።

አቧራው ሲበርድ ተማሪው ሜዳ ላይ ተሰልፎ ተቆጠረ፤ መዝገቡም ተገለጠ። በመዝገቡ መሠረት የጎደለ የለም። ርእሰ መምህሩ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አመሰገነና ሁሉንም ወደየቤቱ አሰናበተ። እናቱም እህቷ ዘንድ ያደረ መስሏት ተኛች። ከፍርስራሹ ሥር ልጁ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። «የለም» የተባለን ሰው ማን ይፈልገዋል?

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንድ አናጢ የሚረባ እንጨት ካለ ብሎ ፍርስራሹን ሊለቃቅም መጣ። የበሩን መቃን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ከሥር ሌላ ምት መለሰለት። መቃኑ ያን ሁሉ ናዳ ተሸክሞ አንዲት ጣት እንኳ አልተዛነፈም፤ ከጉበኑ ሥር አንድ ልጅ የሚያስጠልል ቦታ ተርፎ ነበር። አናጢው ልጁን ጎትቶ አወጣው፣ ውሃ አጠጣው፣ ከዚያም እናቱ ዘንድ ከመውሰዱ በፊት ወደ መቃኑ መለሰው።

«እየው ይሄን መጋጠሚያ» አለው። «ሚስማር የለውም። ጥርሱ ተጠርቦ ቀዳዳው ውስጥ ተቆልፏል። ልስን ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። የሠራው ሰው ይህን እያወቀ ነው እንዲህ የደከመበት።»

ልጁ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። አናጢውን ተከተለ።

እንግዲህ አንቱ እንበላቸው። አምሳ አምስት ዓመት ሙሉ በርና መስኮት፣ ጣራና ደረጃ ሠሩ። ውሃልክ የተባሉት ያች አረንጓዴ ፈሳሽ ያለባት መለኪያ ከኮት ኪሳቸው ስለማትጠፋ ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደው እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧትና አረፋዋ ወዴት እንደምትሸሽ ያያሉ፤ ከዚያ ለባለቤቱ ያዝኑለታል። ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሠሩትን የሚያስረክቡት ከሥሩ ቁጭ ብለው ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ነው። አንድ ዳቦ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ከአዲሱ ጣራ ወይም ከአዲሱ ጉበን ሥር፣ ቀስ ብለው። አሠሪው ቢቸኩል ባይቸኩል ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ቤት ውለው ሳለ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የተዋናዮቹን ልብስ ትሰፋለች።

«ጋሼ፣ ሥራ አግኝቼልዎታለሁ» አለች።

«ምን ልሠራ?»

«መንኮራኩር።»

«ጠፈር የሚሄደውን?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በኮምፔንሳቶ።»

አዛውንቱ ትቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ብዙ አዩት። አትቀልድም ነበር።

ቀረጻው የሚካሄደው ድሮ የሳሙና መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣራው ዝናብ ባፈሰሰ ቁጥር ወለሉ አረፋ ያወጣል። ታሪኩ በሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት የሚሆን ሲሆን ውሃልክ የደረሱት ለሰባተኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞር ዞር ብለው አዩ። የመንኮራኩሩ መቆጣጠሪያ የብር ቀለም የተረጨ የእንቁላል ካርቶን ነው፤ ቁልፎቹ የሻምፖ ክዳኖች ናቸው። የጦር መሣሪያው ገመዱ የተቆረጠ ፀጉር ማድረቂያ ነው። ሰማዩ በሚስማር የተበሳሳ ጥቁር ሸራ ሆኖ ከጀርባው አምፖል ይበራበታል፤ ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ከዋክብቱ ሁሉ ይወዛወዛሉ። ከሌላ ዓለም መጣ የተባለው ፍጡር የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰውዬ በየሩብ ሰዓቱ ጭንቅላቱ እየተነቀለለት ውሃ ይጠጣል። በራሱ ይከፈታል የተባለውን በር ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ተደብቀው በገመድ ይስቡታል። አንዱ ቀልጣፋ፣ ሌላው ፈዛዛ ስለሆነ በሩ ግማሽ ግማሹን ይከፈታል፤ በዚህም ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ አፍንጫውን ተመትቷል።

«በሦስት ሺህ ዓመትም በር ሳቢ አልቀረም በለኛ» አሉ ውሃልክ ፈዛዛውን።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄም ሥራ ነው» አለ ልጁ።

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ሥራህ ዘላቂ ነው።»

ካፒቴን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን ሰፊ ነው፤ እንደ ቁም ሳጥንም ሰላም አይልም። ንግግሩን ስለማያጠና ወረቀቱን እንቁላል ካርቶኑ ላይ ለጥፎ ያነባል። ዓለምን ከጥፋት ሊያድን ከጠላቱ ጋር ሲፋጠጥ ዓይኑ እንቁላሉ ላይ ነው።

ዳይሬክተሩ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ጨለማ መጋዘን ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። የሁለት እጁን ጣቶች እንደ መስኮት ገጥሞ ዓለምን በዚያች ቀዳዳ ያያል። መዶሻ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ የሚያውቅ አይመስልም። ለሁሉም ነገር አንድ መልስ አለው። የግድግዳው ጀርባ አልተቀባም ሲሉት «ካሜራው አያየውም» ይላል። ካፒቴኑ ከወገቡ በታች ፒጃማ ለብሷል ሲሉት፣ ካሜራው አያየውም። ደረጃው ሦስተኛ እርከን የለውም፣ ሰው ይሰበራል ሲሉት፣ ካሜራው አያየውም። ውሃልክ ማዕረጉን ትተው «አያየውም» ይሉት ጀመር። «አያየውም ገብቷል?» ብለው ይጠይቃሉ ጠዋት ጠዋት፤ በር ሳቢዎቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ያፍናሉ።

በሰባተኛው ክፍል መንኮራኩሩ ከሰማይ በመጣ ድንጋይ ተመትቶ ያዘነብላል። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከራሱ በላይ ያለውን የግድግዳ መያዣ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይንጠለጠላል፤ መርከበኞቹ ይንከባለላሉ።

«አባት» አለ ዳይሬክተሩ በጣቶቹ መስኮት እያያቸው፣ «ግድግዳው ወደ ካፒቴኑ ዘምሞ እፈልገዋለሁ። ሊወድቅበት የደረሰ የሚመስል።»

«ካሜራህን አታዘምመውም?»

«እሱማ አሮጌ ዘዴ ነው። እኔ የምፈልገው እውነት ነው! እውነት!»

«ልጄ፣ እውነት ፈላጊ እንቁላል ካርቶን ምን ያደርግለታል?»

በዕድሜያቸው ጠማማ ነገር ሠርተው አያውቁም ነበር። ሁለት ቀን ፊታቸውን ቋጥረው አሰቡበት። በመጨረሻ ከጀርባ ቀጥ ያለ፣ አረፋዋ መሐል ላይ የምትቆምለት ጠንካራ የሞራሌ እንጨት ቋሚ አቆሙ፤ የሚዘምመውን ፊት በእሱ ላይ ገጠሙት። ቋሚው ደግሞ ወደ ፊት እንዳይሄድ ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች እንደ ክንድ ከኋላ አስጨብጠው ወለሉ ላይ በብሎን አሰሯቸው። ሥራው ሲያልቅ የካፒቴኑ ወንበር ላይ ወጥተው፣ ሊወድቅ ከሚመስለው ግድግዳ ሥር ዳቧቸውን በሉ። ፍርፋሪውን አራግፈው «በቃ፣ ውሰዱት» አሉ።

ከዚያ ሰዓሊው መጣ። የተቃጠለ ብረት ይምሰል ብሎ ግድግዳውን አንድ ጣት ውፍረት ባለው ጀሶ ለሰነው። ያ ሁሉ ጀሶ ወደ ፊት የዘመመ ግድግዳ ላይ ተንጠለጠለ። ውሃልክ ክንዶቹን ነካ ነካ አድርገው አዩ፤ ይችላሉ። ጠጣር እንጨት ነው የመረጡት።

በማግሥቱ ጠዋት አያየውም አዲስ ሐሳብ ይዞ ገባ። ካሜራው በሀዲድ ላይ ሆኖ ከግድግዳው ጀርባ ያልፍና በተሰበረው መስኮት በኩል ካፒቴኑን ያያል። ሁለቱ ክንዶች ሀዲዱ ላይ ተጋርጠዋል።

«ይቆረጡልኝ» አለ።

«አይቆረጡም።»

«አባት፣ የቆመውን ግድግዳ እኮ አልነካሁም። ከኋላ ያሉትን ትርፍ እንጨቶች ነው ያልኩት። መቆረጣቸውን ካሜራው አያየውም።»

«ግድግዳው ያያል።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ፤ አጃቢዎቹም ሳቁ። ውሃልክ አልሳቁም። ዓይናቸው የካፒቴኑ ወንበር ሥር ነበር። የእህታቸው ልጅ እዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ቀጭን ክር ትዘረጋለች።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ካፒቴኑ ሲንጠለጠል ካባው በነፋስ እንደተመታ መውለብለብ አለበት ጋሼ። ከወንበሩ ጀርባ ተደብቄ በክር እስበዋለሁ።»

ውሃልክ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «እሷ እዚህ መሆኗን ታውቃለህ?»

«አይስጉ አባት» አለ እያጽናናቸው፣ «እሷን ካሜራው አያያትም።»

በአዛውንቱ ጉሮሮ ውስጥ ከአምሳ አምስት ዓመት በፊት የዋጡት አቧራ ተንቀሳቀሰ። መዝገቡ ላይ «የለም» ተብሎ የተጻፈውን በገዛ ዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ይህን ዳይሬክተር ይመስላል ብለው ያስቡት ነበር።

በምሳ ሰዓት ግድም ረዳቱ እየሮጠ መጥቶ የመጋዘኑ የኋላ በር ማጠፊያው ወልቋል፣ ይምጡልን አላቸው። ሄደው አዩ፤ ማጠፊያው አልወለቀም፣ ብሎኑን ፈትተውታል። እንደተሸወዱ ሲገባቸው ጉልበታቸው በፈቀደላቸው ፍጥነት ተመለሱ። ሁለቱ ክንዶች ከሥራቸው ተቆርጠው ማዕዘን ላይ ተጥለዋል። በእነሱ ፈንታ ከግድግዳው አናት እስከ ጣራው ብረት አንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ ተወጥሯል። መብራት በርቷል። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ነው፣ እጁን ወደ መያዣው ሊሰድ አዘጋጅቷል። ከወንበሩ ጀርባ የልጅቷ ጫማ ጫፍ ይታያል።

ውሃልክ አይረገጥም የተባለውን መስመር ሁሉ ረግጠው መብራቱ ውስጥ ገቡ።

«ቁረጥ! ማነው ይሄ?» ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸ።

«ውጪ» አሉ ውሃልክ የእህታቸውን ልጅ።

«ጋሼ፣ በእግዜር ይሁንብዎት፣ እንጀራዬን ያሳጡኛል።»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣች፤ ክሩ ጣቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። አዛውንቱ ካፒቴኑን ትከሻውን በአንድ ጣት ነካ አድርገው አስነሡት፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ከኪሳቸው ዳቦ አወጡ።

«ምሳዬን አልበላሁም» አሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ተነሥ ከዚያ!» አለ ዳይሬክተሩ።

በአሥራ አንድ ሰው ፊት «አንተ» ተብለዋል። የስፖንጁ ፍጡር እንኳ ጭንቅላቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘው። ውሃልክ ዳቦውን ለሁለት ገመሱት።

«ግድግዳው ደህና ነው ብለሃል አይደል?» አሉ ሳይቆጡ። «ና እንቋደስ። ከጎኔ ቦታ አለ።»

ዳይሬክተሩ ግድግዳውን አየ። ሽቦውን አየ። መነጽሩን አወለቀ፤ ያለ መነጽር ዓይኖቹ ትናንሽ ነበሩ። «እኔ... እኔ ካሜራው ጋ መሆን አለብኝ» አለ።

«እሺ፣ አንተስ ካፒቴን? ስድስት ክፍል ሙሉ ከስንቱ ጋር ስትዋጋ ከርመሃል።»

«እኔ እንኳ» አለ ካፒቴኑ ወደ በሩ እየተጠጋ፣ «ጀሶው ካባዬን ያቆሽሻል ብዬ ነው እንጂ...»

ወደ እንቁላሉ ካርቶን ዞር ብሎ አየ፤ የሚያነበው የተጻፈለት ነገር አልነበረም።

ውሃልክ ዳቦውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ተነሡ። የበር ሳቢዎቹን ገመድ ወስደው ካፒቴኑ ሊንጠለጠልበት በነበረው መያዣ ላይ ቋጠሩት። ሁሉንም ወደ ኋላ አስኬዱ፤ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሰው እንዳይኖር መጋረጃውን ሳይቀር ገልጠው አዩ። ከዚያ ፈዛዛውን በር ሳቢ ጠሩት።

«ሳበው። እንደ ልማድህ፣ በእንቅልፍ ልብህ።»

ልጁ ሳብ አደረገ። ሽቦው ጢን ብሎ ተበጠሰ። ግድግዳው ከነጀሶው፣ ከነተቃጠለ ብረቱ ወንበሩ ላይ ተኛ። የተነሣው አቧራ የብር ቀለም ስለነበረበት መጋዘኑ ሙሉ አብለጨለጨ፤ በዚያ ድራማ ጠፈርን የመሰለ ነገር የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካሜራው አልቀረጸውም።

ወንበሩ ከወለሉ ጋር እኩል ሆኗል።

ከዚያ ዳይሬክተሩ «ጣልከው! የአራት ቀን ሥራ ጣልክብኝ!» ብሎ ለመጮኽ ሞከረ፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ከዳው። የእህታቸው ልጅ ወንበሩ የነበረበትን ቦታ እያየች የቆመችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ክሩን ከጣቷ ላይ ፈታ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ዳይሬክተሩ በዚያው ዕለት ሊያባርራቸው ፈልጎ ነበር። አልቻለም። በማግሥቱ ግድግዳው እንደገና ሊሠራ ሲጀመር፣ ተዋናዮቹ በር ላይ ቆመው «ሽማግሌው በልተዋል?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። አልበሉም ከተባለ አይገቡም። ካፒቴኑ ራሱ፣ ያ አገጩን የማያወርደው፣ አንድ ቀን ዳቦ ገዝቶ መጣላቸው። ተቀበሉት፤ ደረቅ ነው ብለው ግን መለሱለት። ክንዶቹ ተመልሰው ቆሙ። ሀዲዱም ዞሮ አለፈ፤ ማለፍ ይችል ነበር፣ ከመጀመሪያውም። ሰዓሊው ክንዶቹን ብር ቀባቸው፣ ሁለት ትናንሽ አምፖሎችም ሰካባቸው።

ክፍሉ በታየ ሳምንት ዳይሬክተሩ በሌላ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ስለ ሥራው ተጠየቀ። እግሩን አጣምሮ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ «እነዚያ ሁለት ክንዶች የሰውን ልጅ ተስፋ ይወክላሉ፤ ሐሳቡ የመጣልኝ በህልሜ ነው» አለ። ጠያቂዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች።

ክፍሉን ውሃልክና የእህታቸው ልጅ አብረው ነው ያዩት፤ እሷ ቤት፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ። ግድግዳው የታየው ለአሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። ካባው በደንብ ተውለበለበ። ካፒቴኑ እንቁላሉን እያየ ዓለምን አዳነ። መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ጣቷን እያስከተለች አነበበች። የውሃ አቅራቢው ስም ሳይቀር አለ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ የለም እኮ» አለች፤ ተናደደች። «እኔ እንኳ አለሁ። ነገ ሄጄ አፋቸውን ነው የማስይዛቸው!»

ውሃልክ መለኪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አረፋዋ ትንሽ ወደ ግራ ሸሸች። ወረቀት አጥፈው ከጠረጴዛው እግር ሥር አስገቡና ደግመው አዩ።

«ተይው» አሉ። «እኔን የለም ብሎ መጻፍ የተጀመረው ገና በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ለምጄዋለሁ። እነሱ ስም ይቁጠሩ። እኔ ያን ቀን ከመጋዘኑ ስንወጣ በር ላይ ቆሜ ሰው ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ገባን፣ አሥራ ሁለት ወጣን፣ አንቺ ዘጠነኛ ነበርሽ፣ አፍንጫሽ በብር ቀለም ተለውሶ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ያች ቆጠራ ናት። አሁን ይሄን ነገር አጥፊልኝ፤ ያ ሰውዬ እንቁላሉን ሲያይ ይደብረኛል።»